ተማሪ ማሳ ላይ ማስተማር ለምትፈልጉ፣ ባህር ዳርና ጣና ዳር ላላችሁ

ብዙ ትምህርት ቤት የእርሻ ጉብኝት ሲባል የሚያደርገው አውቶቡስ ተከራይቶ ሄዶ፣ ልጆቹን ማሳ ዳር አሰልፎ ፎቶ አንስቶ፣ ለስላሳ አጠጥቶ መመለስ ነው፣ ልጁም ይዞ የሚመጣው ፎቶውን ብቻ ነው። እኔ የምላችሁ አንድ ገበሬ ምረጡ፣ አንድ ማሳ ምረጡ፣ እዛው ማሳ ላይ በዓመት ሁለት ሶስቴ ተመለሱ፣ በሄዳችሁ ቁጥር ደግሞ ልጆቹ አንድ የምር ስራ ይስሩ። አምስት ቦታ ዞሮ ከማየት አንዱን ማሳ ሲታረስም ሲታረምም ሲታጨድም ማየት በጣም ይበልጣል።

መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ። ዋናው ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ልጆቹ ቤት ናቸው፣ ስለዚህ ለእናንተ የሚቀራችሁ መስከረምና ጥቅምት አረሙ፣ ህዳርና ታህሳስ አጨዳውና ውቂያው፣ ከጥር በኋላ መስኖው፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ደግሞ እርሻው ነው። ቅዳሜና እሁድ ልጆቹ ነፃ ናቸው ብላችሁ አትቅጠሩ፣ ገበሬው ሰንበት ያከብራል። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለምም እንደዛው ነው፣ በነዚህ ቀናት ከሄዳችሁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የምታገኙት እንጂ ሞፈር ይዞ አይደለም። ሌሎች የሚከበሩ በዓላትም በየቀበሌው ስላሉ ራሱን ገበሬውን ጠይቁት፣ የገበያ ቀኑንም አብራችሁ።

ቦታውን በተመለከተ ሩቅ መሄድ ግዴታ አይደለም፣ ከከተማው ወጣ ስትሉ በዘንዘልማ በኩልም በጢስ አባይ መንገድም ማሳ አለ። ትንሽ መጓዝ ከቻላችሁ ግን ሶስት ቦታ አለ፣ ሶስቱም የሚያስተምሩት ይለያያል። አንዱ መራዊ፣ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የቆጋ ግድብ ወደ 7 ሺህ ሄክታር እንዲያጠጣ የተሰራ ስለሆነ ልጆቹ በበጋ ስንዴና ሽንኩርት አረንጓዴ ሆኖ ያያሉ፣ ውሃው ከግድቡ ወጥቶ በቦይ እስከ ማሳው እንዴት እንደሚደርስ በእግራቸው ይከተሉት። ሁለተኛው ፎገራ፣ ወረታ አካባቢ፣ ሩዝ። ሜዳው ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ ለብዙ ሰብል ይሄ ችግር ነው፣ ለሩዝ ግን ተስማሚው ነው፣ በደርግ ጊዜ ገብቶ ነው ዛሬ የአካባቢው ዋና ሰብል የሆነው፣ አሁን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ስልጠና ማዕከሉም እዛው ወረታ ነው። ሶስተኛው ዘጌ ነው፣ እዛ ማረሻ አይገባም የሚል የቆየ የገዳማቱ ልማድ ስላለ ሰው የሚኖረው በጫካ ውስጥ ቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። ፎገራንና ዘጌን በአንድ ዓመት ላየ ልጅ "ይሄ ጫካ ለምን እስካሁን ቆመ?" ብላችሁ ጠይቁትና ዝም በሉ፣ ራሱ ይመልሰዋል።

አሁን ወደ ስራው። ልጅ ሁሉንም ስራ አይሰጠውም። ለምሳሌ የጤፍ አረም በፍፁም እንዳታስነኩ፣ ጤፉ ገና ሳር ሲመስል ልጁ አረሙን ትቶ ጤፉን ይነቅለዋል፣ የሰውየው ልፋት ነው የሚጠፋው። ዳጉሳም ያው ነው። ለአረም በቆሎ፣ ድንች ወይም ሽንኩርት ይሻላል፣ ተክሉ በግልፅ ይለያል። አጨዳ ላይ ማጭድ ለ7ኛና 8ኛ ክፍል ብቻ፣ እሱም ለሁለት ሶስት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ቆሞ፣ ትንንሾቹ የታጨደውን ይሰብስቡ፣ ነዶውን ይሸከሙ፣ ከታጨደው ማሳ ላይ ቃርሚያ ይልቀሙ። በሬዎቹ ሲያበራዩ ከኋላ ማንም አይቁም። ነፋሱ ሲመጣ ግን በላይዳ፣ በእንጨቱ አካፋ ማለት ነው፣ ማዝራቱን ተራ በተራ ይሞክሩት፣ ገለባውና ፍሬው እንዴት እንደሚለይ እጃቸው ሲያደርገው በቃ አይረሱትም። ቡና ለቀማ ደግሞ ለማንኛውም እድሜ ይሆናል፣ ህጉ አንድ ነው፣ ቀዩን ብቻ፣ ቅርንጫፉን ጨምቆ ማውረድ የለም። ቀዩን ፍሬ ከፍተው ሁለቱን ፍሬዎች ያውጡ፣ ልጣጩን ይቅመሱት፣ ይጣፍጣል፣ ብዙ ልጅ ቡና ከውጭ ጣፋጭ መሆኑን የሚያውቀው ያኔ ነው።

ሒሳቡን እዛው ማሳ ላይ አስተምሩት። በኛ አካባቢ አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው፣ 50 በ50 ሜትር ማለት ነው፣ ገመድ ይዘው ይለኩት። ከዛ ገበሬውን ዘንድሮ ስንት ኩንታል እንዳገኘ፣ ማዳበሪያና ዘር ስንት እንደገዛ ጠይቀው ራሳቸው ያስሉት፣ ስንት ለቤት ቀረ፣ ስንት ተሸጠ። አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ 3 ሺህ ገደማ ፍሬ አለ፣ 100 ፍሬ ብቻ ቆጥረው ወረቀት ላይ ያስቀምጡና ይዩት፣ ከዛ በኋላ እንጀራ ሲጥሉ ታዩ እንደሆነ ንገሩኝ። መሬቱ ለጤፍ ሶስት አራት ጊዜ እንደሚታረስም ከራሱ አንደበት ይስሙ።

ሌላ ወጪ የሌለው ነገር፣ ሰኔ ላይ ዝናብ ከጣለ በኋላ ባዶ ሃይላንድ ይዛችሁ ትልቅ ሰው ከጉማራ ወይም ከርብ ውሃ ይቅዳ። ክፍል ውስጥ አስቀምጡትና በማግስቱ ከስር የተኛውን አፈር ይለኩት። ያ የማሳ አፈር ነው፣ መጨረሻው ጣና ነው፣ ከ2004 ዓ.ም ወዲህ ሐይቁን ያስቸገረውን እንቦጭም አፈሩና ማዳበሪያው ይመግበዋል። እርከን ለምን እንደሚሰራ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ጥንቃቄውን አትዝለሉ። ጣና ዳርም ሆነ ውሃ የተኛበት ሩዝ ማሳ ውስጥ ልጆቹ በባዶ እግር አይግቡ፣ አይዋኙ፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ አልቅትም አለ። መስከረምና ጥቅምት ወባ ነው፣ ረጅም ሱሪና እጅጌ ይልበሱ፣ ሳይመሽ ይመለሱ። ኬሚካል የተረጨበት ማሳ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁና ቀኑን ለውጡ። ንብ ያለበት ጓሮ ከሆነ ራቅ ብሎ ማየት ብቻ። ከመሄዳችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ፣ የወላጅ ፈቃድ በፅሁፍ ይኑር፣ ከ25 ልጅ በላይ ባትወስዱ ጥሩ ነው፣ በዛ ካለ ግማሹ ከዳር ቆሞ ነው የሚውለው።

ስለ ገበሬው ደግሞ ይሄን ስሙኝ። ግማሽ ቀኑን ነው የሚሰጣችሁ፣ ስለዚህ የቀን ስራ ዋጋውን አስባችሁ ክፈሉት፣ እምቢ ካለ ምርቱን ግዙት። ልጆቹ አያ እገሌ፣ እማማ ብለው ይጥሩ፣ ሲገቡ "በርቱ" ይበሉ። ምግባችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቆሎና ዳቦ ይበቃል፣ አለበለዚያ እንግዳ መጣ ብላ ባለቤትየው ለ25 ልጅ መጋገሯ አይቀርም፣ ያላትን ነው የምታወጣው። ወተት ሲናጥ ማሳየት ከፈለጋችሁ ረቡዕና አርብን ተዉ፣ ከህዳር 15 በፊትም ጨርሱት፣ የነቢያት ፆም ከገባ ቀምሰው ማየት የማይችሉ ልጆች ይበዛሉ።

ከጉዞው መልስ በሚቀጥለው ቀን ድርሰት ፃፉ አትበሏቸው፣ ከገበሬው የገዛችሁትን ዘር ስጧቸውና የትምህርት ቤቱ ጓሮ ውስጥ አንድ መደብ ይዝሩ፣ ቦታ ከሌለ የተቀደደ የማዳበሪያ ከረጢት አፈር ተሞልቶም ይሆናል፣ ውሃ የሚያጠጣበትን ተራ በስም ለጥፉት። ያበቀሉትን በሚቀጥለው ጉዞ ይዘውለት ይሂዱ፣ ምን እንደጎደለው እሱ ይንገራቸው።