የተማሪ ቪዛና የሥራ ሰዓት፦ አቆጣጠሩን ሳታውቁ ፈረቃ አትቀበሉ

የውጭ ተማሪ ትምህርት ላይ እያለ የሚሠራበትን ሰዓት የምትገድበዋን «በሳምንት 20 ሰዓት» የምትል ሕግ ሁሉም ያውቃታል። ሳምንቱ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ እንግሊዝ አገር ማስተርሴን ስማር በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ እሠራ ስለነበር ዋናው ጣጣ እዚያ ላይ እንዳለ አውቃለሁ።

እንግሊዝ አገር ሳምንት ማለት ከሰኞ እስከ እሑድ ነው። እሑድ ማታ 4 ሰዓት ገብታችሁ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ከወጣችሁ፣ 2ቱ ሰዓት ላለፈው ሳምንት፣ 6ቱ ለአዲሱ ይቆጠራል። «ባለፈው ሳምንት 12 ብቻ ስለሠራሁ አሁን 28 ልሥራ» ማለት አይቻልም፤ ማካካስ የለም። ሁለት ቦታ የሚሠራ ሰው ሰዓቱ ይደመርበታል፤ ያለ ክፍያ የተሠራውም ይገባል። አለቃዬ ሰው ሲጎድልባት «ዛሬን ብቻ» ትለኝ ነበር። ስልኬ ላይ በየፈረቃው የጻፍኩትን ድምር ሳሳያት ክርክሩ ያበቃል። እሷ ብትቀጣ ገንዘብ ነው የምትከፍለው፤ እኔ ግን ቪዛዬን ነው የማጣው።

የክረምቱም ነገር ያሳስታል። የአንድ ዓመት ማስተርስ የሚማር ሰው ቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ሲበተኑ እሱም እረፍት ላይ ያለና የሰዓት ገደቡ የተነሣለት ይመስለዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ እየጻፈ ከሆነ ግን ትምህርት ላይ ነው፤ ገደቡም እንዳለ ነው። በመተግበሪያ እየታዘዙ ምግብ ማድረስማ ጭራሽ ክልክል ነው፤ በግል እንደሚሠራ ሰው ያስቆጥራል።

አውስትራሊያ በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት ይፈቀዳል። ሁለት ሳምንቱ ግን በየሰኞው እንደ አዲስ ይጀምራል። 20፣ 28፣ 24 ሰዓት በተከታታይ ብትሠሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ልክ 48 ናቸው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲደመሩ ግን 52 ይሆናሉ፤ ሕግ ጣሳችሁ ማለት ነው።

ካናዳ ከኅዳር 2024 ወዲህ ከግቢ ውጭ በሳምንት 24 ሰዓት ነው። ጀርመን ደግሞ በዓመት 140 ሙሉ ወይም 280 ግማሽ ቀን።

አሜሪካ ግን ሌላ ዓለም ነው። ኤፍ-1 ቪዛ የያዘ ተማሪ ትምህርት ላይ እያለ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት የሚሠራው ግቢ ውስጥ ነው። ውጭ ያለ ሥራ ፈቃድ ይፈልጋል። ከትምህርቱ ጋር ለተያያዘ ልምምድ የሚሰጠው «ሲፒቲ» የተባለ ፈቃድ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ በሚሰጣችሁ አይ-20 የተባለ የተማሪነት ወረቀት ላይ መስፈር አለበት። «ነገ ይሰጥሃል፣ ዛሬ ግባ» የሚል ቀጣሪ ከገጠማችሁ አትግቡ። በሙሉ ሰዓት 12 ወር ሲፒቲ የሠራ ደግሞ በዚያው የትምህርት ደረጃ ከምረቃ በኋላ የሚያገኘውን «ኦፒቲ» የተባለ የሥራ ፈቃድ ያጣል።

ጥያቄ ካላችሁ የትምህርት ቤታችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ በኢሜይል ጠይቁ። ኮሪደር ላይ የተነገራችሁን በኋላ ማስረዳት አትችሉም። የቪዛ ዓይነታችሁን፣ የትምህርት ደረጃችሁንና ተርሙ የሚያልቅበትን ቀን እዚያው ጻፉ፤ መልሱን ከደመወዝ ወረቀቶቻችሁ ጋር አስቀምጡት።