ድሮኑ ከመሬት ሳይነሳ አንቴናውን መፈተን

በእጄ የሠራሁትን የመጀመሪያ የድሮን ቪዲዮ ማስተላለፊያ አንቴና የፈተንኩት አብርሬው ነው። ምስሉ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ተንጨረጨረ፣ ከዚያ ጠፋ፣ ድሮኑን ማሽላ ውስጥ ስፈልግ ግማሽ ቀን ዋልኩ። እናንተ መሬት ላይ ፈትኑት።

የማወራው ስለ 5.8 ጊጋኸርዝ አናሎግ ቪዲዮ ነው። ሞገዱ 52 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ የዳይፖል (ሁለት ክንድ ያለው ቀላል አንቴና) አንዱ ክንድ 13 ሚሊሜትር አይሞላም። ሁለቱንም ክንዶች 1 ሚሊሜትር አሳጥራችሁ ብትቆርጡ አንቴናው የሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ ወደ ላይ ይሸሻል። ሬስባንድ የሚባሉት 8 ቻናሎች ግን ሁሉም ከ5658 እስከ 5917 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ናቸው። መቀሱን ቀስ!

ብዙ ሰው ኤስደብሊውአር (ከተላከው ኃይል ምን ያህሉ ከአንቴናው እንደሚመለስ የሚያሳይ ልኬት) ብቻ ለክቶ ይረካል። በአንቴናው ፋንታ 50 ኦም ሬዚስተር ብትሰኩበትም እኮ መለኪያው «ግሩም ነው» ይላል፣ የሚያሰራጨው ነገር ግን የለም። ስለዚህ ከምታምኑት አንቴና ጋር አወዳድሩት።

ገላጣ ሜዳ ፈልጉ። ማስተላለፊያውን በ25 ሚሊዋት አድርጋችሁ ረዘም ባለ እንጨት ላይ እሰሩት። አንቴና ሳይገባበት እንዳታበሩት፣ ሊቃጠል ይችላል። ሲግል ኃይሉ ስለሚቀንስ ትንሽ ፋን ይንፋበት፣ ለመረጋጋትም ጥቂት ደቂቃ ስጡት። መቀበያውንም እንጨት ላይ አድርጉት፤ በእጅ ከያዛችሁት የምትለኩት ራሳችሁን ነው።

አሁን መቀበያውን ይዞ የሚርቅ ጓደኛ ያስፈልጋል። የምታምኑትን አንቴና ማስተላለፊያው ላይ ግጠሙና ምስሉ የት ላይ እንደሚቆረጥ ምልክት አድርጉ፣ አጥፍታችሁ አዲሱን ግጠሙና ድገሙት፣ ከዚያ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ካልተቀራረቡ መሀል ላይ የሆነ ነገር ተቀይሯል፣ ባትሪ ወይም ሙቀት ሊሆን ይችላል፣ ውጤቱን ጣሉት። አንዱ 100 ሜትር ሌላው 140 ሜትር ከደረሰ ልዩነቱ 3 ዲሲቤል ገደማ ነው፣ የማስተላለፊያውን ኃይል እጥፍ እንዳደረጋችሁት ቁጠሩት። መቀበያችሁ የሲግናሉን ጥንካሬ በቮልቴጅ የሚያሳይ የአርኤስኤስአይ እግር ካለው ደግሞ መራመድም አያስፈልግም፣ በመልቲሜትር ቮልቴጁን አንብቡ። ግን ከመሬት የሚነጥረው ሞገድ ያታልላል፤ መቀበያውን ጥቂት ሴንቲሜትር ስታንቀሳቅሱት ንባቡ ሊዘል ይችላል። በአራት አምስት ቦታ ለኩና አማካዩን ያዙ።

ቀጥሎ አንቴናውን አዙሩት፣ አጋድሙትም፣ ድሮን ሲበር ዘንበል ይላላ! ዳይፖል በጫፉ አቅጣጫ ምንም አያሰራጭም ማለት ይቻላል። አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ከተጋደመም ምስሉ ክፉኛ ይዳከማል። አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ የሚዞር ክብ ፖላራይዜሽን (ሞገዱ እየተሽከረከረ የሚሄድበት) ከሆኑም ያው ነው፣ አንቴናውን አትውቀሱ። ኤስኤምኤና አርፒ-ኤስኤምኤ የሚባሉት ተመሳሳይ የአንቴና ኮኔክተሮችም ሲጠብቁ የተገናኙ ሊመስሉ ይችላሉ፣ መሀላቸው ግን ሁለቱም ቀዳዳ ሆኖ ላይነካካ ይችላል። እኔ አንድ ከሰዓት ያቃጠልኩት በዚህ ነው።

በመጨረሻ አንቴናውን ድሮኑ ላይ ገጥማችሁ ያንኑ ድገሙ። የካርቦን ፍሬም ሞገድ ይጋርዳል፣ ባትሪውም እንዲሁ። በአንድ በኩል ብቻ ከደከመ አንቴናውን ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ።