ጨረቃ ላይ ሐዲድ ሲዘረጋ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

“ስበቱ ትንሽ ነው፤ ፍሬን አያሳስብም” ማለት።
ብዙ ንድፍ ገና ወረቀት ላይ የሚበላሸው እዚህ ነው። 10 ቶን ፉርጎ ጨረቃ ላይ ሐዲዱን የሚጫነው ምድር ላይ ከሚጫነው አንድ ስድስተኛውን ያህል ነው፤ ላቁምህ ሲሉት ግን ያው 10 ቶን ነው። የብረት ጎማ ሐዲዱን የሚይዘው በክብደቱ ስለሆነ የፍሬኑም ጉልበት አብሮ ይወርዳል። የሰበቃው መጠን 0.2 ቢሆን፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ፉርጎ ምድር ላይ 26 ሜትር ገደማ ተንሸራቶ ይቆማል፤ ጨረቃ ላይ ከ150 ሜትር ያልፋል። ያችኑ 26፣ 27 ሜትር ለማግኘት ፍጥነቱ ወደ 15 ኪሎ ሜትር መውረድ አለበት። ኩርባም እንዲሁ ነው፤ በዚያው ፍጥነት ለመዞር ራዲየሱ ስድስት እጥፍ መስፋት ይኖርበታል። (ምድር ባቡር ላይ የለመድነው ሒሳብ የማይከዳን ዳገት ላይ ብቻ ነው፤ ቁልቁል የሚጎትተው ኃይልም እኩል ይቀንሳልና።) ስለዚህ ወይ ቀስ ማለት፣ ወይ በሰበቃ የማይሠራ ማግኔታዊ ፍሬን፣ ወይ መሐል ላይ ጥርስ ያለው ሐዲድ።

ሐዲዱን በይዶ አንድ ወጥ ማድረግ።
በጨረቃ ወገብ አካባቢ ቀኑ ወደ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወደ 130 ይወርዳል። በዚህ ልዩነት 25 ሜትር የብረት ሐዲድ 7.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ያጥራል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ከ14 ይበልጣል። ምድር ላይ ወጥ ሐዲድ የማይጣመመው ጠጠሩና ከሥሩ የተጋደሙት ድጋፎች በክብደታቸው አፍነው ስለሚይዙት ነው። ጨረቃ ላይ ያ ክብደት የለም። መሐሉን አጥብቀው ይሰሩ፣ ሁለቱን ጫፎች ልቅ ይተዉ፣ መጋጠሚያውን በሰያፍ ይቁረጡ። ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ሌሊት ሲመጣ ጎማው ክፍተቱ ውስጥ ይገባል።

ተራ ግሪስ መቀባት።
አየር በሌለበት ይተናል፤ የቀረውም አቧራ ይሰበስባል። ያ አቧራ ነፋስና ውሃ ሞርደውት ስለማያውቁ እንደ ብርጭቆ ስብርባሪ ስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የአፖሎ 17 ተሽከርካሪ ፓራፋንጎው ሲሰበር አቧራው ጠፈርተኞቹ ላይ ስለዘነበ በካርታና በፕላስተር ጠግነውታል። ኩሽኔታው በደንብ ይታሸግ፤ ማለስለሻው ደረቅ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ይሁን።

ኤሌክትሪኩ በአፈሩ ይመለሳል ብሎ ማሰብ።
ደረቁ የጨረቃ አፈር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ከምንም በማይቆጠር መጠን ነው። መመለሻው ሐዲዱ ራሱ እንዲሆን በየመጋጠሚያው ተጣጣፊ የመዳብ ማገናኛ ይታሰር።

ጣቢያውን ከመንኮራኩር ማረፊያ አጠገብ መሥራት።
እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 12 ያረፈው ቀድማ ጨረቃ ላይ ካረፈችው ሰው አልባ መንኮራኩር ከሰርቬየር 3 ወደ 160 ሜትር ርቆ ነበር፤ ሞተሩ ያስነሳው አሸዋ ግን ያችን መንኮራኩር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፈትጓታል። ቅንጣቱን የሚያዘገይ አየር የለም። በመሐል የአፈር ግድብ ይከመር፤ የሐዲድ መቀየሪያውና የምልክት መሣሪያው ከግድቡ ጀርባ ይሁኑ።