ሞራ የተገፈፈለት ዓይን ድንገት ሲደበዝዝ

አክስቴ የምትኖረው ደሴ አጠገብ ሐይቅ ከተማ ነው። ሞራዋ ከተገፈፈ ስድስት ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን አቦል ልትቀዳ ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። "ሲኒው ሁሉ ሁለት ሁለት ሆነብኝ እኮ" አለች። እኛም "ሞራው ተመልሶ ነው" ብለን ሁለት ወር ተቀመጥን። ዛሬም ይቆጨኛል። የተገፈፈ ሞራ ተመልሶ አይመጣም። ሞራው ሲገፈፍ በምትኩ ሰው ሰራሽ ሌንስ ይገባል፤ ችግሩ ከሌንሱ ወይም ከሌላ የዓይን ክፍል ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ደህናውን ዓይን በመዳፍ ሸፍኑት።

በተገፈፈው ዓይን ብቻም ሁለት ሁለት ይታያል፤ ወይም የሌንሱ ጠርዝ እንደ ቅስት ይታያል

ሌንሱ ከቦታው ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። ሰው ሰራሹ ሌንስ የሚቀመጠው ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱን ዙሪያውን ወጥረው የያዙት ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች ናቸው። ዓይን ሲመታ ይበጠሳሉ። በአዛውንቶች ዓይን ውስጥ ነጭ ብናኝ መሰል ነገር የሚያጠራቅም በሽታም ክሮቹን ያላላቸዋል። ይሄኛው እኛ አገር ብዙ ያጋጥማል።

መፍትሄው እንደ መንሸራተቱ ይለያያል። ትንሽ ከሆነና እይታን ካልረበሸ ክትትል ይበቃል። ከረጢቱ ደህና ከሆነ ሌንሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ክሮቹ ካለቁ ግን ሌላ መያዣ ያስፈልጋል፤ ሌንሱ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ በክር ይሰፋል። ጃፓናዊው ሐኪም ያማኔ በ2017 ያሳተመው ዘዴ ደግሞ ስፌት የለውም። የሌንሱ ሁለት ቀጫጭን እጆች በመርፌ ውስጥ ተስበው ይወጣሉ። ጫፋቸው በሙቀት ቀልጦ እንደ ሚስማር ራስ ያብጥና ነጩ ክፍል ውስጥ ይቀበራል። በጣም የምወደው ብልሃት ነው። ሌንሱ ወደ ዓይን ጀርባ ከወደቀ ግን ሥራው የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ሐኪም ነው። መጀመሪያ ዓይንን የሞላው ዝልግልግ ነገር ይወጣል፤ ከዚያ ሌንሱ ይነሳል።

ደህናው ሲሸፈን ሁለትነቱ ይጠፋል

የዓይን ጡንቻ ወይም ነርቭ ሊሆን ይችላል። ድንገት ከመጣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እንደ ጭጋግ ቀስ እያለ ይደበዝዛል

ብዙ ጊዜ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ከረጢት ደፍርሶ ነው። በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል፤ ቢላ የለውም።

ብልጭታ፣ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ፣ ከባድ ሕመም

ነገ አትበሉ። ሬቲና እየተላቀቀ ወይም የዓይን ግፊት ጨምሮ ሊሆን ይችላል።

ደሴ ዙሪያ ያላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለላችሁ። እስክትደርሱ ዓይኑን አትሹት፣ የጎረቤት ጠብታም አትጨምሩበት። የድሮውን የቀዶ ሕክምና ካርድ ያዙ። የሌንሱ ቁጥር እዚያ ላይ ከተጻፈ፣ ሌንሱ መቀየር ካለበት ሐኪሙን በጣም ይረዳዋል። የአክስቴን ካርድ ያገኘነው ከሳጥኗ ሥር፣ በነጠላዋ ተጠቅልሎ ነው።