በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማቆያ የጤና ጉብኝት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጤና ጣቢያ የተላከች ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አንድ ትምህርት ቤት ገብታ የምትቆየው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። የቀረው ጊዜ የመምህሩ፣ የሞግዚቷና የወላጅ ነው። ስለዚህ ሥራው በብዛት የሚበላሸው በርክክቡ ላይ ነው፦ ማን ምን እንደተነገረው፣ ማን ምን እንደሚከታተል ሳይታወቅ ሲቀር።

ገበያንና ጾምን ሳያዩ ቀን መቁረጥ

ባቲ ላይ ሰኞን የመድኃኒት ቀን ማድረግ ገበያ የወረዱትን ልጆች መተው ነው። በረመዳንና በዐቢይ ጾም ደግሞ ተለቅ ያሉት ተማሪዎች ይጾማሉ፤ የቢልሃርዚያው ፕራዚኳንቴል ግን በባዶ ሆድ ሲወሰድ ማቅለሽለሹ ይብሳል። ቀኑን ከርዕሰ መምህሩ ጋር አስቀድሞ መነጋገር፣ የቀሩትን ልጆች ስም ከክፍል መቆጣጠሪያው መዝግቦ ሁለተኛ ቀን መያዝ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ያልመጡት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ውኃ ዳር የሚውሉ እረኞች ሊሆኑ ይችላሉ።

ፕራዚኳንቴልን በክፍል ደረጃ መገመት

በሐይቅ ዙሪያና በቦርከና ወንዝ አካባቢ ላሉ ትምህርት ቤቶች ይህ ዋና ጉዳይ ነው። አንድ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ የ8 ዓመትም የ14 ዓመትም ልጅ ይቀመጣል፤ «ሦስተኛ ክፍል ሁለት ሁለት» ብሎ ማደል ለአንዱ ያንሳል፣ ለሌላው ይበዛል። መጠኑ የሚወሰነው በቁመት ነው፦ ከ94 እስከ 110 ሳ.ሜ. 1 ፍሬ፣ እስከ 125 አንድ ተኩል፣ እስከ 138 ሁለት፣ እስከ 150 ሁለት ተኩል፣ እስከ 160 ሦስት፣ እስከ 178 አራት። ከ94 ሳ.ሜ. በታች ያለ ልጅ በዘመቻው አይሰጠውም። መለኪያው እንጨት ጠፍጣፋ መሬት ላይ ይቁም፤ ልጁ ጫማውን ያውልቅ።

መድኃኒቱ ይመርራል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ራስም ያዞራል። ይህ ለወላጅ አስቀድሞ ካልተነገረ አምስት ልጆች ሲያስመልሱ «ልጆቻችንን መረዟቸው» የሚል ወሬ ከትምህርት ቤቱ አጥር ይወጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ልጆቹ ዳቦ ወይም እንጀራ ቀምሰው ይዋጡ፣ ከዋጡም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይታዩ።

የሚያለቅስ ሕፃን አፍ ውስጥ ፍሬ መክተት

በሕፃናት ማቆያ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም፤ ክኒኑ የመተንፈሻ ቧንቧ ሊዘጋ ይችላል። አፍንጫ ይዞ ማስዋጥም እንዲሁ ነው። ለትናንሾቹ የሆድ ትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል ተፈጭቶ በጥቂት ውኃ ይሰጥ (ከ12 እስከ 23 ወር 200 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ 400)። ካለቀሰ ይቆይ፤ ለነገ ማሳደር ምንም አይጎዳም።

እከክ የያዘውን ልጅ ብቻ ማከም

ደሴና አካባቢዋ ሲበርድ ልጆች አንድ ብርድ ልብስ ይጋራሉ፣ እከክም አብሮ ይጋራል። ተማሪውን ቀብቶ መላክ በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ልጅ መልሶ መቀበል ነው። ወላጁን «ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው አለ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚያሳክከው ባይኖርም እንኳ አብሮ የሚተኛ ሁሉ በአንድ ቀን ይታከም፤ ምክንያቱም አዲስ የተያዘ ሰው ማሳከኩ የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ ነው። 5 በመቶ የፐርሜትሪን ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጣት፣ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር ጭምር ይቀባል፤ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል፤ በሳምንቱ ይደገማል። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ ሊታጠብ የማይችለው በፌስታል ታስሮ ቢያንስ 3 ቀን ይቀመጥ።

ሌላው ስህተት ማሳከኩ አልቆመም ብሎ በየሁለት ቀኑ መቀባት ነው። ሕክምናው ሠርቶም ቢሆን ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ደጋግሞ መቀባት ቆዳን ያቃጥላል። ልጁም ከመጀመሪያው ቅባት ማግስት ወደ ክፍል ይመለስ፤ ለወር ከትምህርት ማስቀረት ቅጣት እንጂ ሕክምና አይደለም።

የክንድ ጠባሳ አይቶ «ተከትቧል» ማለት

ጠባሳው የሚነግረን በተወለደ ጊዜ የተሰጠውን የቲቢ ክትባት ብቻ ነው። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሞግዚቷ ልጁን ስትመዘግብ ካርዱን ትይ፣ የሁለቱንም ቀን በመዝገቧ ትጻፍ።

የክንድ መለኪያውን ሁሉም ላይ ማዞር

በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ የሚለይበት የመለኪያው ቀይ መስመር (ከ11.5 ሳ.ሜ. በታች) የተሠራው ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት ነው፤ በእሱ የ9 ዓመት ተማሪ ቢለካ የተራበውም «ደህና» ይባላል። ሲለካ ግራ ክንድ ዘና ብሎ ይውረድ፤ ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ያለው መካከሉ ይያዝ። ሁለቱንም እግር በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ተጭኖ እብጠት ማየት ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ያበጠ ልጅ ግን ክንዱ ወፍራም ቢመስልም በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ኦ አር ኤስን በብርጭቆ መበጥበጥ

ለተቅማጥ የሚሰጠው የዚህ ዱቄት አንዱ ከረጢት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። ግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ ውስጥ ሙሉ ከረጢት ከገባ ጨውና ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጡን ያብሳል። ሞግዚቷ ጋ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከ24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ።

ልጅ ሲጥለው ክብሪት ማሽተት

ጭሱ መንቀጥቀጡን አያቆምም፤ ልጁን ግን ሊያቃጥለው ይችላል። ማንኪያ በጥርስ መካከል ማስገባትም ጥርስ ይሰብራል። መምህሩ ሰዓቱን ይይ፤ ድንጋይና ወንበር ከአጠገቡ ያርቅ፤ ከራሱ ሥር ጋቢ ያድርግ፤ በጎኑም ያስተኛው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ዳግም ከጣለው ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ቤተሰቡ ጠበል ቢወስደው ወይም ዱዓ ቢያደርግለት አይከልከሉ፤ የሚጥል በሽታውን ክኒን ግን አንድም ቀን እንዳያቋርጡ በግልጽ ይንገሩ፤ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው በርትቶ ይመለሳልና።