የወንጀል ተጠያቂነት ዕድሜን ዝቅ የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ እንዴት ይመረመራል?

መጀመሪያ ዝቅ የሚለው የትኛው ዕድሜ እንደሆነ ለዩ። ልጅ ጨርሶ የማይከሰስበት ዕድሜ አንድ ነገር ነው፤ እንደ አዋቂ የሚዳኝበት ሌላ። ክርክሩ የሚደበላለቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ለመጀመሪያው፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 የመከረው ቢያንስ 14 ዓመት ነው።

ቀጥሎ የወንጀሎቹን ዝርዝር አንብቡ። «የኃይል ወንጀል» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ለግድያ የታሰበ ድንጋጌ በእረፍት ሰዓት ቡጢ የተሰናዘሩ ተማሪዎችንም ጠራርጎ ያስገባል። ወንጀሎቹ አንቀጽ በአንቀጽ ይጠቀሱ።

ዕድሜ የሚቆጠረው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ካልተጻፈ መዝገቡ ሲጓተት ብቻ ልጁ «አዋቂ» ሆኖ ይቀርባል። የልደት ማስረጃ ከሌለስ? ዕድሜን ከአጥንት ዕድገት ለመገመት የሚነሳው የእጅ አንጓ ራጅ የስህተት ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ብቻውን ዕድሜን አያረጋግጥም፤ ጥርጣሬ ካለ ለልጁ ጥቅም ይተርጎም።

ወደ አዋቂዎች ችሎት የማዛወሩ ሥልጣን ለዐቃቤ ሕግ ሳይሆን ለዳኛ፣ ያውም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍር ተደርጎ ይሰጥ። ልጁ በእስር የሚቆይበት ማረፊያ ቤትም ከአዋቂዎች የተለየ ይሁን።

ሕጉ የሚገመገምበት ቀንም ይግባበት፦ ዴንማርክ ልጅ የማይከሰስበትን ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ15 ወደ 14 ዝቅ አድርጋ በ2012 ወደ 15 መልሳዋለች።