ጥሬ ገንዘብ ያልሆነ የሥራ ጥቅማ ጥቅም፦ አሜሪካ ውስጥ ታክስ ሲሞሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት እህት የዲሴምበሩን የመጨረሻ ቼክ ስታብ (የደመወዝ ክፍያ ዝርዝር) እና ደብሊው-2ዋን (አሠሪ የዓመቱን ደመወዝና ታክስ የሚያሳውቅበትን ፎርም) ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ወንድሜ፣ ያላገኘሁትን ገንዘብ አግኝተሻል ብለውኛል፤ እስቲ እየው» አለችኝ። 401ኬም (የጡረታ ቁጠባ) ሆነ ሌላ ከታክስ በፊት የሚቆረጥባት ነገር የላትም፤ ሆኖም ታክስ የሚከፈልበት ደመወዝ በሚጻፍበት ቦክስ 1 ላይ ያለው ቁጥር እሷ ከደመረችው ደመወዝ በ476 ዶላር ይበልጣል። ልዩ ልዩ መጠኖች በኮድ ተለይተው ወደሚጻፉበት ቦክስ 12 ወረድን። ኮድ ሲ፣ 276 ዶላር ይላል። መሥሪያ ቤቷ የ150 ሺህ ዶላር የሕይወት ኢንሹራንስ ገብቶላታል። የመጀመሪያው 50 ሺህ ዶላር ከታክስ ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው 100 ሺህ ግን የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ባወጣው የዕድሜ ሠንጠረዥ ይሰላል። እሷ 52 ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ለእያንዳንዱ ሺህ ዶላር በወር 23 ሳንቲም ይታሰባል። በመቶ ከዚያም በ12 ወር ሲባዛ ልክ 276 ይሆናል። የቀረው 200 ዶላር ለበዓል የተሰጧት ሁለት ባለ መቶ ዶላር ጊፍት ካርዶች ናቸው። «ስጦታ ነው ብለው እኮ ነው የሰጡኝ!» አለች።

እንዲህ ያለ ግራ መጋባት በየታክስ ወቅቱ ይገጥመኛል። ሰው ከጥቅማ ጥቅም ጋር በተያያዘ የሚሠራው ስህተት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚነሣው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ በማለፉ ነው፦ ይህ ነገር ቦክስ 1 ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም?

«በእጄ ገንዘብ አልገባም፣ ታክስም የለብኝም» ማለት

ሕጉ የሚነሣው ከተቃራኒው ነው። ከአሠሪ የሚገኝ ጥቅም ሁሉ ገቢ ነው፤ ሕግ ለይቶ ነፃ ያደረገው ብቻ ይቀራል። ነፃ ከሆኑት ውስጥ የቢሮ ቡና፣ አልፎ አልፎ የሚሰጥ አነስተኛ የዕቃ ስጦታ፣ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ያለ ጂም፣ ለሥራ ተብሎ የተሰጠ ስልክ፣ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር የሚደርስ የትምህርት ድጋፍ ይገኙበታል። ጊፍት ካርድ ግን መጠኑ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቆጠራል። አሠሪው ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያለ ጂም አባልነት ከከፈለልዎ ያም ገቢ ነው። የመሥሪያ ቤት መኪና ይዘው ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት የሚመላለሱበትም እንደ ግል አገልግሎት ይታሰባል። ለአዲስ ሥራ ከስቴት ስቴት ሲዛወሩ አሠሪው የከፈለው የጓዝ ማጓጓዣም ከ2018 ጀምሮ ታክስ ይከፈልበታል፤ ከወታደሮችና ከጥቂት ሌሎች በስተቀር። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ደብሊው-2 ሲመጣ ነው የሚደነግጠው።

አንዱን ገቢ ሁለቴ መመዝገብ

ይህኛው የሚደርሰው በጥንቁቆቹ ላይ ስለሆነ በጣም ያሳዝነኛል። ቦክስ 12 ወይም ቦክስ 14 ላይ የጥቅሙን መጠን ያዩና «ይህንንም ማሳወቅ አለብኝ» ብለው ቦክስ 1 ላይ ይደምሩታል። ኮድ ሲ ላይ ያለው የኢንሹራንስ ዋጋ ግን ቀድሞውኑ ቦክስ 1 ውስጥ አለ። ኮድ ቪ ላይ የሚታየው የስቶክ ኦፕሽን (የመሥሪያ ቤቱን አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት) ገቢም እንዲሁ ነው። አሠሪው የመኪናውን የዓመት የኪራይ ግምት ሙሉ በሙሉ ገቢዎ ላይ ደምሮት ከሆነ ቦክስ 14 ላይ ወይም በተለየ ወረቀት ያሳውቅዎታል፤ እሱም ቦክስ 1 ውስጥ ገብቷል። እነዚህ ቁጥሮች የተጻፉት ቦክስ 1 ከምን እንደተሠራ እንዲያውቁ ነው፤ ድጋሚ አይደመሩም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የዓመቱን የመጨረሻ ቼክ ስታብ ያውጡ፣ ጠቅላላ ደመወዙን ይያዙ፣ እንደ 401ኬና የጤና ኢንሹራንስ ያሉ ከታክስ በፊት የተቆረጡትን ሁሉ ይቀንሱ፣ «ኢምፒዩትድ ኢንካም» ወይም «ፍሪንጅ» (ጥሬ ገንዘብ ያልሆነ ገቢ) ተብሎ የተጻፈውን ይደምሩ። ውጤቱ ከቦክስ 1 ጋር ከገጠመ ሥራው አልቋል። ካልገጠመ ልዩነቱን እስኪያገኙት አይለፉ።

በኮድ ዲዲ መደንገጥ

ብዙ ጊዜ ከቦክስ 12 ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፤ 15 ሺህ፣ 20 ሺህ ዶላር ሲሆን አያለሁ። እርስዎና አሠሪዎ ለጤና ኢንሹራንሱ በጋራ የከፈላችሁት ነው። ለመረጃ ብቻ የተጻፈ ስለሆነ ታክስ የለበትም።

ቦክስ 10ን ዘሎ ማለፍ

ልጅ መዋያ ለሚከፍሉ ሰዎች አሠሪው የሚሰጠው ወይም ከደመወዛቸው ከታክስ በፊት የሚቀመጥላቸው ገንዘብ ቦክስ 10 ላይ ይወጣል። እስከ 2025 ጣሪያው 5,000 ዶላር ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ 7,500 ሆኗል። ይህ ገንዘብ ነፃ የሚሆነው ፎርም 2441 ሲሞላ ነው፤ በዚያ ላይ የልጁን ተንከባካቢ ስም፣ አድራሻና የታክስ ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል። ፎርሙ ካልተያያዘ ገንዘቡ ወደ ገቢ ይዞራል። ደግሞም ባልና ሚስት ከሆናችሁ ነፃ የሚደረገው መጠን ከሁለታችሁ ዝቅተኛ የሥራ ገቢ ካለው ሰው ገቢ ሊበልጥ አይችልም፤ አንዳችሁ ዓመቱን ሙሉ ሳትሠሩ ከቆያችሁ በጥንቃቄ እዩት። ኮድ ደብሊው ያለበትም ሰው፣ ማለትም ወደ ኤችኤስኤ (ለሕክምና ወጪ የሚውል የቁጠባ) ሒሳብ ገንዘብ የገባለት፣ በተመሳሳይ መንገድ ፎርም 8889ን መሙላት አለበት።

ከሥራ የተገኘን ስቶክ «የገዛሁት በዜሮ ነው» ብሎ መሸጥ

ብዙ ገንዘብ ሲባክን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። 100 አርኤስዩ (አሠሪው ጊዜ ጠብቆ የሚሰጠው አክሲዮን) ቬስት ባደረገበት፣ ማለትም የእርስዎ በሆነበት ቀን የአንዱ ዋጋ 40 ዶላር ነበር እንበል። ያን ቀን 4,000 ዶላር እንደ ደመወዝ ቦክስ 1 ውስጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ ለታክስ ተብሎ 30ው ወዲያው ይሸጥና አካውንትዎ ውስጥ የሚገባው 70 ብቻ ነው፤ ገቢ ሆኖ የሚቆጠረው ግን የ100ው ዋጋ ነው። ከወራት በኋላ 70ውን በ42 ሂሳብ በ2,940 ዶላር ሸጡ። ደላላው (ስቶኩን የሚሸጥልዎ ድርጅት) የሚልክልዎት የሽያጭ ማሳወቂያ፣ 1099-ቢ፣ ላይ የመግዣ ዋጋው ዜሮ ወይም ባዶ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እንዳለ ከገለበጡት 2,940 ዶላሩ በሙሉ ትርፍ ይባላል። እውነተኛው ትርፍ 140 ዶላር ብቻ ነው፤ 2,800ው ላይ ቀድሞ ታክስ ከፍለዋል።

የሚስተካከለው የስቶክ ሽያጭ በሚዘረዘርበት ፎርም 8949 ላይ ነው። ደላላው ያሳወቀው የመግዣ ዋጋ የተሳሳተ ከሆነ ኮድ ቢ ተጽፎ ማስተካከያው በጂ ዓምድ ይገባል። ትክክለኛውን ዋጋ የሚያገኙት ደላላው ከ1099-ቢ ጋር በሚያወጣው ተጨማሪ መግለጫ ላይ ነው፤ አብዛኛው ሰው ይህን ገጽ ጨርሶ አይከፍተውም። በቅናሽ በተገዛ የመሥሪያ ቤት ስቶክ ደግሞ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል፦ ሲሸጡ የቅናሹ ክፍል የደመወዝ ገቢ ይሆናል፤ አሠሪው ደብሊው-2 ላይ ካላካተተው ራስዎ መጨመር አለብዎት።

የመሥሪያ ቤት መኪናን ወጪ ለመቀነስ መሞከር

«ታክስ ካስከፈሉኝማ ቤንዚኑን ልቀንስ» የሚሉኝ አሉ። ተቀጣሪ ሠራተኛ ያልተተካለትን የሥራ ወጪ ከፌዴራል ታክስ መቀነስ ከ2018 ጀምሮ ቀርቷል፤ ጥቂት ልዩ ሙያዎች ብቻ ናቸው የተተዉት።

ደብሊው-2ው ስህተት ሲሆን ዝም ማለት ወይም በግምት ማረም

መጀመሪያ አንድ ነገር ይወቁ። አሠሪ በኖቬምበርና በዲሴምበር የሰጠውን ጥሬ ገንዘብ ያልሆነ ጥቅም ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲያሻግር ይፈቀድለታል። በዲሴምበር የተጠቀሙበት መኪና ዘንድሮ ካልታየ የግድ ስህተት ነው ማለት አይደለም። ፔይሮልን (የደመወዝ ክፍሉን) ይጠይቁ፣ መልሱን በኢሜይል ይያዙ።

ስህተት ከሆነ ግን የታረመ ደብሊው-2፣ ማለትም ደብሊው-2ሲ፣ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ካልተስተካከለ ወደ አይአርኤስ መደወል ይቻላል፤ እነሱም አሠሪውን ያነጋግሩታል። የመሙያው ቀን ደርሶ ወረቀቱ ካልመጣ ደብሊው-2ን በሚተካው ፎርም 4852 ከቼክ ስታብዎ ተነሥተው መሙላት ይፈቀዳል። አስቀድመው ሞልተው ልከው ከሆነ ደግሞ በማረሚያው ፎርም 1040-ኤክስ ያርሙት። ሁለቴ ታክስ የከፈሉበትን ስቶክ ገንዘብ ለማስመለስ በአብዛኛው ከሞሉበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት አለዎት፤ ስቴትዎ የገቢ ታክስ የሚያስከፍል ከሆነም የስቴቱን ለብቻው ማረም እንዳይረሱ።